የጠዋት ቁጥር ብቻውን ምን ይናገራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሐዋሳ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ እርስ በርስ ባይተዋወቁም የሁሉም ጥያቄ በቤት ውስጥ ስለሚለካ የደም ስኳር፣ በተለይም ከምግብ በፊትና ከምግብ በኋላ ስለሚታዩት ቁጥሮች ልዩነት ነው። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ሌላ መስፈሪያ ካልጠቀስን በስተቀር ቁጥሮቹ በሚሊግራም በዴሲሊትር የተሰሉ ሲሆኑ፣ ሰዓቱም በእኛው አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ «የ52 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው በታቦር ክፍለ ከተማ ነው። የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ከተነገረኝ ሰባት ወር ሆኖኛል፤ ሜትፎርሚን በቀን ሁለት ጊዜ እወስዳለሁ። ልጄ መለኪያ ገዝቶልኝ በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆዴ እለካና በደብተር እጽፋለሁ። ከ110 በታች ወርዶ፣ ከ125 በላይም ወጥቶ አያውቅም። በዚህ ተደስቼ ስኖር ባለፈው ቀጠሮዬ የሦስት ወር የሚባለውን ምርመራ አዘዙልኝና 8.1 በመቶ መጣ፤ ሐኪሙም ስኳርሽ አልተስተካከለም አሉኝ። የዋሸኝ ማን ነው? ማሽኑ ወይስ ላብራቶሪው?»

መልስ፦ እኅታችን፣ ማሽኑም ላብራቶሪውም አልዋሹም፤ የተጠየቁት ጥያቄ የተለያየ በመሆኑ መልሳቸውም ተለያየ እንጂ። የሦስት ወር ምርመራ የምንለውና በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ኤ ዋን ሲ ተብሎ የሚጻፈው ምርመራ፣ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ይለካል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፣ ውጤቱ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት ቀኑን ከሌሊቱ፣ ጾሙን ከጥጋቡ ሳይለይ ጠቅልሎ ያሳያል። የእርስዎ 8.1 በመቶ ወደ አማካይ የደም ስኳር ሲመነዘር 186 አካባቢ ይሆናል። በየጠዋቱ 120 ገደማ የሚለካ ሰው አማካዩ 186 የሚደርሰው፣ በቀኑ ውስጥ ከዚያም በላይ እየወጣ የሚቆይባቸው ብዙ ሰዓታት ካሉ ብቻ ነው፤ እነዚያ ሰዓታት ደግሞ በደብተርዎ ላይ የሉም። የሐዋሳን ሐይቅ በማለዳ ብቻ ያየ እንግዳ ሐይቁ ማዕበል አያውቅም ብሎ ቢመሰክር አይፈረድበትም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አላየውምና።

በእርግጥ ኤ ዋን ሲ ራሱ የሚስትበት ጊዜ አለ። ከብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ ውጤቱን ከእውነቱ ከፍ ሊያደርገው፣ በቅርቡ ብዙ ደም በፈሰሰው ወይም ደም በተለገሰው ሰው ላይ ደግሞ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ደም ማነስ አለብሽ ተብለው የሚያውቁ ከሆነ ይህንን ለሐኪምዎ ያስታውሱ። በደብዳቤዎ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር ስላላነበብን፣ ጉዳዩ ከምግብ በኋላ ባለው ስኳር ላይ ነው ብለን እንገምታለን።

በባዶ ሆድ የሚለካው ቁጥር በዋናነት የሚናገረው ስለ ጉበት ነው። ሌሊቱን ምግብ ባይገባም አንጎል ያለ ስኳር ስለማይውል ስለማያድር፣ ጉበት ካከማቸው እየቆነጠረ ወደ ደም ይለቃል፤ ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ደግሞ ጉበት ከመጠን በላይ እንዳይለቅ ይቆጣጠረዋል። ከምግብ በኋላ የሚለካው ቁጥር ግን ስለ ማዕዱና ስለ ቆሽት ይናገራል። ጤነኛ ቆሽት ምግብ መግባት እንደ ጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ያጠራቀመውን ኢንሱሊን ይለቃል፤ በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ይህ ፈጣን ምላሽ ነው። የሚወስዱት ሜትፎርሚን ደግሞ ዋና ሥራው ጉበትን ማስታገሥ ነው። ስለዚህ የጠዋቱ ቁጥርዎ ማማሩ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ መልካም ዜና ነው፤ ስለ ምሳዎ ግን የሚነግርዎ ነገር የለም።

የስኳር ሕሙማን የሆኑና እርጉዝ ያልሆኑ አብዛኞቹ አዋቂዎች እንዲደርሱበት የሚመከረው መጠን ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ምግብ ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ከ180 በታች ነው። በዕድሜ ለገፉ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ላለባቸው ወይም ስኳራቸው በድንገት እየወረደ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ሐኪሙ ይህንን ገደብ ሊያላላው ይችላል። እዚህ ላይ «ምግብ ከተጀመረ» የሚለው ቃል እንዳያመልጥዎ። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከመጀመሪያው ጉርሻ እንጂ ማዕዱ ከተነሣ በኋላ አይደለም። ምሳ በ6 ሰዓት ተኩል ከቀረቡ የሚለኩት በ8 ሰዓት ተኩል ነው። በእኛ አገር ደግሞ ምግቡ ሳያልቅ ቡናው ይቆላል፤ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ስኳር ያለው ስኒ፣ አጠገቡም ቆሎው፣ ፈንዲሻውና ዳቦው ይከተላል። በዚህ መካከል የተለካ ቁጥር የምሳው ይሁን የቡና ቁርሱ ለመለየት አይቻልም። ቡናውን መተው አያስፈልግም፤ በሚለኩበት ቀን ግን ያለ ስኳር ይጠጡት፣ ቁርሱንም ከልኬቱ በኋላ ያድርጉት።

የስትሪፕ፣ ማለትም ደሙ የሚነካበትና በየልኬቱ የሚቀየረው ቀጭን ቁራጭ፣ ዋጋ የብዙ ቤተሰቦችን ኪስ እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ ስለዚህ በቀን አራት ጊዜ ይለኩ ብለን አንፈርድብዎትም። እርስዎ በሳምንት ሰባት ስትሪፕ ለሰባት ጠዋቶች እያዋሉ ሰባት ጊዜ የሚያገኙት ያንኑ አንድ መልስ ነው። በእኛ አስተያየት ሰባቱን ስትሪፕ እንዲህ ቢመድቧቸው ይሻላል፦ አንዱን ለአንድ ጠዋት ያስቀሩና፣ ስድስቱን በሦስት ቀናት ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ አንዱን ከምሳ በፊት፣ አንዱን ከሁለት ሰዓት በኋላ ይጠቀሙባቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ምሳውን በእራት፣ ቀጥሎ በቁርስ ይተኩ። ከእያንዳንዱ ጥንድ ጎን የበሉትን ከነመጠኑ ይጻፉ፤ «እንጀራ» ብቻ ሳይሆን «አንድ ተኩል እንጀራ በድንች ወጥ» ብለው ይጻፉ። ከምሳ በፊት 118 ሆኖ በኋላ 231 ከመጣ ችግሩ ማዕዱ ላይ ነው፤ ከምሳ በፊት ራሱ 190 ሆኖ በኋላ 215 ከሆነ ግን ምሳውን ከመውቀስ በፊት ቁርሱንና ከቁርስ በኋላ የተጠጡትን ሻዮች መመርመር ያሻል።

የጥንድ ልኬት ትልቁ ጥቅም አንድ ነገር ለውጦ መሞከር ማስቻሉ ነው። ያንኑ ምሳ በሌላ ቀን ይብሉና አንዱን ነገር ብቻ ይቀይሩ፦ ከእንጀራው ግማሹን ይቀንሱ፣ ወይም ጎመኑንና ምስሩን በመጀመሪያ በልተው እንጀራውን ወደ መጨረሻ ያዘግዩ፣ ወይም ከምግብ በኋላ ከመቀመጥ ይልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ይራመዱ። የሐዋሳ ሰው ለእግር ጉዞ ቦታ አጣሁ ሊል አይችልም፤ የፍቅር ሐይቅ ዳርቻ አለለት። አሳን በተመለከተ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀን እግረ መንገዳችንን እንመልስ፦ ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ራሱ የስኳር ቁጥርን ከፍ አያደርግም፤ ከፍ የሚያደርገው አብሮት የሚቀርበው ዳቦና እንጀራ፣ አልፎም የተጠቀለለበት ዱቄት ነው።

ቆጮ የሚበሉ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። ቆጮ ከእንሰት የሚገኝ፣ በአብዛኛው ስታርች የሆነ ምግብ ነው፤ በቅቤ ሲታሽ ወይም ከክትፎ ጋር ሲበላ ስቡ የጨጓራን ሥራ ስለሚያዘገይ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይገባል። በዚህ ጊዜ የሁለተኛው ሰዓት ቁጥር ንጹሕ መስሎ፣ ጭማሪው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሰዓት ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ምግብ በበሉበት ቀን አንድ ተጨማሪ ስትሪፕ ለዚያ ሰዓት ቢያውሉ አይቆጭዎትም። የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት ጥንዶች ሲሰበሰቡ ደብተሩን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ፤ መድኃኒት ይጨመር ወይስ ምግቡ ይስተካከል የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ግን በእጃቸው የሚገባው ማስረጃ ካለፈው ጊዜ የተሻለ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ 63 ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ኤን ፒ ኤች የሚባለውን ኢንሱሊን እወጋለሁ። በ4 ሰዓት ስተኛ 120 አካባቢ የነበረው ስኳር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ 165 ወይም 170 ሆኖ አገኘዋለሁ። በመካከሉ ውሃ እንኳ አልቀምስም። ባለቤቴ ሌሊት እየተነሣሁ እበላለሁ ብላ ጠርጥራኛለች።»

መልስ፦ መምህራችን፣ ባለቤትዎ ጥርጣሬያቸውን ያንሡ፤ ሌሊት ስኳር የሚያበላዎት ጉበትዎ ነው። ሊነጋጋ ሲል ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ይጨምራሉ፤ እነዚህም ጉበት ስኳር እንዲለቅ ያዙታል። ጤነኛ ሰው ላይ ቆሽት ወዲያው ኢንሱሊን ጨምሮ ስለሚያስተካክለው ጭማሪው አይታወቅም፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ሳይበላ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ይህ የንጋት ጭማሪ በጣም የተለመደ ነው።

ነገር ግን በኢንሱሊን ላይ ስላሉ ይህን ብቻ ገምተው መጠኑን በራስዎ እንዳይጨምሩ አጥብቀን እንመክርዎታለን። ኤን ፒ ኤች ከተወጋ ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ኃይሉ ስለሚበረታ፣ በማታ የተወሰደ መርፌ ስኳርን እኩለ ሌሊት አልፎ ከመጠን በታች ሊያወርደው ይችላል፤ የጠዋቱ ከፍታም አንዳንድ ጊዜ ከዚህ መውረድ በኋላ የሚመጣ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጋጥም ባለሙያዎች ቢከራከሩም፣ በእንቅልፍ ላይ ስኳር መውረዱ ራሱ አደጋ መሆኑ አያከራክርም። ላብ አጥምቆዎት፣ ቅዠት አስጨንቆዎት ወይም ራስ ምታት ይዞዎት የሚነሡ ከሆነ ምልክቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

መለየት የሚቻለው በልኬት ብቻ ነው። በሁለት ወይም በሦስት ሌሊት የእጅ ስልክዎን ለ9 ሰዓት ደውሎ እንዲቀሰቅስዎ ያዘጋጁና ይለኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት 120 ሆኖ ጠዋት 165 ከመጣ የንጋት ጭማሪ ነው፤ በ9 ሰዓት ቀድሞውኑ 170 ከሆነ የእራቱ ነገር፣ በተለይም አምሽተው የበሉት ቅባት የበዛበት ምግብ ይመረመር፤ ከ70 በታች ከሆነ ግን እስኪነጋ አይጠብቁ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ፣ አሁንም ካልተነሣ ይድገሙት፤ በማግስቱም ለሐኪምዎ ያሳውቁ። ሦስቱም ሁኔታዎች ጠዋት ላይ የሚያሳዩት ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው፤ እንዲያውም የሦስተኛው ከሁለቱ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ «31 ዓመቴ ነው፤ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ እነዳለሁ። አባቴ ስኳር ነበረባቸው። በቀደም ማንጎ እየበላሁ ቆይቼ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ጣቴን ተወግቼ ብለካ 207 ሆነ። እጄን በአልኮል ጠርገውልኝ ነበር። ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ በማግስቱ ጤና ጣቢያ በባዶ ሆዴ ስመረመር 91 ተባልኩ። የትኛውን ልመን?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ የ91ዱን ይመኑ፤ 207ቱ በአብዛኛው የተለካው ከደምዎ ሳይሆን ከማንጎው ሳይሆን አይቀርም። ለመለኪያ የምትወሰደው የደም ጠብታ እጅግ ትንሽ በመሆኗ ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ቁጥሩን በእጅጉ ሊያንረው ይችላል፤ በአልኮል መጥረግ ብቻ ደግሞ ይህንን ለማጽዳት አስተማማኝ አይደለም። እጅን በሳሙናና በውሃ ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ነው የሚያስተማምነው። ውሃ ካልተገኘ የመጀመሪያውን ጠብታ ጠርጎ በሁለተኛው መለካት ይቻላል። ጣትን ከመሃሉ ሳይሆን ከጎኑ መውጋት ሕመሙን ይቀንሳል፤ የጣት መውጊያውን መርፌ ግን ከማንም ጋር፣ ከቤተሰብም ጋር ቢሆን፣ መጋራት አይገባም፤ የጉበት ቫይረስ በዚህ መንገድ ይተላለፋልና።

ሁለተኛው ነጥብ፣ በቤት ወይም በመድኃኒት ቤት መለኪያ ስኳር አለብህ የለብህም ተብሎ አይፈረድም። ለምርመራ ውሳኔ የሚያገለግለው ቢያንስ ስምንት ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀመስ በላብራቶሪ የሚሠራው ነው፤ ያለ ስኳር የተጠጣ ቡናም ቢሆን ለዚያ ጠዋት ይቅር። ውጤቱ ከ100 በታች ከሆነ ጤናማ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ወደ ስኳር የሚያዘነብል ደረጃ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ይህን ደረጃ የሚጀምረው ከ110 ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ይባላል። ሳይጾሙ በማናቸውም ሰዓት የተለካ 200ና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር የሚያስወስነው ከውሃ ጥም፣ ከሽንት መብዛትና ያለ ምክንያት ከመክሳት ጋር ሲሆን ነው።

ከምግብ በኋላ 140 ያለፈ ሰው ሁሉ ታሟል የሚል ወሬ በከተማችን ስለሚናፈስ ይህንንም እናስተካክል። የ140 መስመር የመጣው 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦ ከተጠጣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከሚደረግ የላብራቶሪ ምርመራ ነው፤ በዚያ ምርመራ ከ140 በታች ጤናማ፣ ከ140 እስከ 199 አጠራጣሪ፣ 200ና ከዚያ በላይ በሽታ ነው። የአቮካዶ ጭማቂ ስኳር ተጨምሮበት ከተጠጣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣትን ወግቶ ያገኙትን ቁጥር በዚህ መስመር መመዘን ስህተት ነው። ያም ሆኖ አባትዎ በሽታው ስለነበረባቸው፣ ቀኑን ሙሉም ተቀምጠው ስለሚሠሩ፣ በየዓመቱ አንድ ጊዜ በባዶ ሆድ መመርመሩ ለእርስዎ የተገባ ነው።

ጥያቄ፦ «የ66 ዓመት እናት ነኝ። ልጄ ከአውሮፓ የላከችልኝ መለኪያ 6.4፣ 9.2 የሚል ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ተበላሽቶ ይሆን? የድሮው መለኪያዬ ደግሞ 137 ባለበት ጠዋት ላብራቶሪ 128 ብሎኛል።»

መልስ፦ እናታችን፣ መሣሪያው ደኅና ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚሠራበት መስፈሪያ ሚሊሞል በሊትር ይባላል፤ ቁጥሩን በ18 ሲያባዙት ወደ ለመድነው ይመለሳል። 6.4 ማለት 115፣ 9.2 ማለት ደግሞ 166 ገደማ ነው። በደብተርዎ ላይ ሁለቱን መስፈሪያዎች ሳይቀላቅሉ ይጻፉ፤ ስትሪፑም የየመሣሪያው ስለሆነ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። የ137ና የ128 ልዩነት አያሳስብዎ፤ ለቤት መለኪያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ከ100 በላይ በሆነ ቁጥር ላይ እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ልዩነትን ይፈቅዳል። ልዩነቱ ከዚህ ከሰፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስትሪፑ ነው፦ ቀኑ ያለፈበት፣ ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ፣ ወይም የሐዋሳ የቀትር ፀሐይ በሚያቃጥለው መኪና ውስጥ የዋለ ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥም መፍትሔ አይደለም፤ በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ ጥላ ባለበት ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ «የ26 ሳምንት እርጉዝ ነኝ። የስኳር ውሃ አጠጥተው ሦስት ጊዜ ደም ወሰዱብኝ። በባዶ ሆዴ 94፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 171፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 138 ሆነና የእርግዝና ስኳር አለብሽ አሉኝ። እርጉዝ ያልሆነች ጎረቤቴ ግን 94 ሆና ጤነኛ ነሽ ተብላለች።»

መልስ፦ ጎረቤትሽ እርጉዝ ስላልሆነች ነው፣ እኅታችን። በእርግዝና ጊዜ መስመሩ ጠበቅ ይላል፤ በዚህ በ75 ግራም ምርመራ በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይበቃል። ያንቺ ሁለቱ ቁጥሮች ደኅና ሆነው የመጀመሪያው አልፏል። ጥብቅ የሆነበት ምክንያት የእናት ስኳር በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ስለሚያልፍ ነው፤ የእናት ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ ጽንሱ ራሱ ኢንሱሊን አብዝቶ ያመርትና ከመጠን በላይ ይገዝፋል፤ ሲወለድም የራሱ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። በቤት ስትለኪ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ምግብ ከጀመርሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ120 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ቁጥሩ እንዲያምር ብለሽ ግን ምግብ አትዝለይ፤ ከፋፍለሽ ብዪ። ከወለድሽም በኋላ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራው ይደገም።

ጥያቄ፦ «58 ዓመቴ ነው፤ ግሊቤንክላማይድና ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ለእኔ ከቁርስ በፊት የሚባለው መቼ ነው? ከምግብ በኋላስ?»

መልስ፦ ጥያቄዎ ከጠዋት ልኬት የሚበልጥ ጉዳይ ስላዘለ ከእሱ እንጀምር። ግሊቤንክላማይድ ሰው በላም አልበላም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ ያስገድደዋል። ጠዋት ክኒኑን ውጠው እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድዎን ከዋሉ ስኳርዎ ከ70 በታች ሊወርድ፣ በቅዳሴ ላይ ቆመው ሳሉም ራስዎን ሊስቱ ይችላሉ። ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ ያለ አደጋ ብዙም የለበትም። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ፤ የክኒኑ ሰዓት ወደ መፍቻው ሊዛወር፣ መጠኑ ሊቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሊለወጥ ይችላል። የንስሐ አባትዎንም ያነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው የጾም ሰዓቱ እንደ አቅሙ እንዲሆን መፍቀድ በቤተ ክርስቲያናችን የቆየ ነው።

ለጾመኛ «ከምግብ በፊት» ማለት ከመፍቻው በፊት ማለት ነው፤ ቁርስ በሚባል ስም ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ የጾም ቀናት ከእንቅልፍ ሲነሡ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ፣ በ9 ሰዓት ከመቁረስዎ በፊትና ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት ቆጥረው በ11 ሰዓት ይለኩ። የረፋዱ ልኬት ለደኅንነትዎ ነው፤ በዚያን ጊዜ ወይም በሌላ በማናቸውም ሰዓት ከ70 በታች ካዩ፣ ወይም ሰውነትዎ ከተንቀጠቀጠና ላብ ካጠመቅዎ፣ ጾሙን ወዲያው በጣፋጭ ይፍቱ። የ11 ሰዓቱ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበውን ያሳያል፤ ሲራብ የዋለ ሰው ሁሉንም በአንድ ማዕድ ስለሚበላ፣ ጾም ላይ ያለ ሰው ስኳር ይቀንሳል የሚለው ግምት በዚህ ሰዓት ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። የጾም ማዕድ ሥጋና ቅቤ የሌለበት ቢሆንም ድንቹ፣ ዳቦውና እንጀራው አለ። ሽሮ፣ ምስርና ክክ ስኳርን ቀስ ብለው የሚያነሡ በመሆናቸው እነሱን አብዝተው እንጀራውን ቢቀንሱ፣ ቁጥሩ ራሱ ይነግርዎታል።

ረመዳንን የሚጾሙ አንባቢዎቻችንም ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚልኩልን፣ ጣትን ወግቶ ስኳር መለካት ጾምን እንደማያስፈታ ብዙ የሃይማኖት ሊቃውንት የሚያስተምሩ መሆኑን እናስታውሳለን። ለእነሱም ቢሆን ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ የሆነ ቁጥር ከታየ ጾሙ በዚያ ቀን ይፈታል። በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት የሚወሰደው የመድኃኒት መጠንም ጨረቃ ከመታየቷ በፊት ከሐኪም ጋር ሊወሰን ይገባል።